ክርክሩን የረቱ፣ ሕዝቡን ያልረቱ
ኢየሱሳውያን በኢትዮጵያ

በሰኔ ወር 1632 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዐፄ ሱስንዮስ ወይና ደጋ ላይ ከላስታ ዐማፅያን ጋር ገጥመው ድል አደረጉ። በአንድ ቀን ስምንት ሺህ ያህል ሰው እንደ ወደቀ ይነገራል። ከሟቾቹ የሚበዙት ከተራራማው አገር የወረዱ ገበሬዎች ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አስከሬን በሞላው ሜዳ ሲያልፉ ልጃቸው ፋሲለደስና ሹማምንቱ፣ እነዚህ የወደቁት እስላምም አረመኔም አይደሉም፤ የገዛ ወገኖቻችን የሆኑ ክርስቲያኖች ናቸው፤ እንዲህ ያለው ድል ደስታ የለውም እያሉ እንደ ወተወቷቸው የዘመኑ ጸሐፍት አቆይተውልናል። ብዙም ሳይቆይ ነጋሪት ተጎሰመ፤ ዐዋጅም ወጣ።

የዐዋጁ ቃል ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ንጉሡ የሮማ ሃይማኖት ስሕተት ሆኖ ተገኘ አላሉም። ፍሬ ነገሩ፣ ይበጃችኋል ብለን ይህን ሃይማኖት ሰጠናችሁ፤ በዚህ ምክንያት ግን ስንቱ አለቀ፤ እንግዲህ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሰንላችኋል፤ ካህናቱም ወደየደብራቸው ይመለሱ፣ ታቦታቸውን ያግቡ፣ እንደ ቀድሞው ይቀድሱ የሚል ነበር። ሃያ አምስት ዓመት የነገሡ፣ በጦር ሜዳ የበረቱ ንጉሥ፣ ሊቃውንቱ በጉባኤ ተከራክረው ረትተውለታል ያሉትን ትምህርት ሕዝቡ እንዲቀበል ማድረግ አልቻሉም። በክርክር የተረታ ሰው እምነቱን ስለምን አይለውጥም? ለዚህ ጥያቄ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮን ታሪክ የበለጠ መልስ የሚሰጥ ምዕራፍ በቀንዱ አገር ታሪክ ውስጥ ማግኘት ያዳግታል።

የነገሩ መነሻ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ነው። ከ1529 ጀምሮ ለዐሥራ አራት ዓመታት በቆየው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ ብዙ ሕዝብም በሰይፍ ፍርሃት ሃይማኖቱን ለወጠ። በ1541 በክሪስቶፎር ዳ ጋማ የሚመሩ አራት መቶ የፖርቱጋል ወታደሮች ምፅዋ ላይ ወርደው ለክርስቲያኑ ንጉሥ ረዳት ሆኑ። መሪያቸው በ1542 ተማርኮ ቢገደልም፣ የተረፉት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋር ተሰልፈው በየካቲት 1543 ኢማሙ የወደቀበትን ውጊያ ተዋግተዋል። ይህ ውለታ በሊዝበንና በሮማ እንደ ተስፋ ተቆጠረ። በእነርሱ ዘንድ፣ በጦር የተረዳ ንጉሥ በሃይማኖትም ከሮማ ጋር አንድ መሆኑ የማይቀር ነበር።

በ1555 የመጀመሪያው መልእክተኛ ጎንሳሎ ሮድሪጌዝ ወደ ገላውዴዎስ ቤተ መንግሥት መጥቶ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ስሕተቶች ናቸው ያላቸውን ዘርዝሮ አቀረበ። ገላውዴዎስ በቁጣ አልመለሱለትም። የሃይማኖታቸውን ቃል በአጭሩ ጽፈው፣ እምነታቸው የሐዋርያትና የቀደሙት ጉባኤያት እምነት መሆኑን ገለጹ። ግዝረትን በተመለከተ የአገር ልማድ እንጂ የኦሪትን ሕግ ለመፈጸም የሚደረግ አይደለም አሉ፤ በኢትዮጵያና በኖባ ሰዎች ፊታቸውን እንደሚበጡ፣ በህንድም ጆሯቸውን እንደሚበሱ ያለ ነገር ነው ሲሉ አስረዱ። ይህ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ድረስ በሊቃውንት ዘንድ የተከበረ ነው። ሆኖም በአንዱም ወገን ልብ ላይ ለውጥ አላመጣም። በ1557 የመጡት ጳጳስ አንድሬ ዴ ኦቪዬዶ ከንጉሡ ጋር ደጋግመው ተከራከሩ፤ ያተረፉት ግን ቅያሜን ብቻ ነበር። በዐፄ ሚናስ ዘመን ከቤተ መንግሥት ርቀው፣ በትግራይ በፍሬምናጦስ ስም ፍሬሞና ተብላ በተጠራችው መንደር በድህነት ኖረው በ1577 ዐረፉ።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሰው የተለየ ጠባይ ነበራቸው። እስፓኛዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዙ ተይዘው በየመን ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ቆይተዋል። በ1603 በሁለተኛው ሙከራቸው ፍሬሞና ሲደርሱ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ግዕዝንና አማርኛን መማር ነበር። ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስን በአገራቸው ቋንቋ አስተማሩ። በ1604 ወደ ዐፄ ዘድንግል ቤተ መንግሥት በተጠሩ ጊዜም ተማሪዎቻቸውን ይዘው ቀረቡ፤ ልጆቹ በንጉሡና በመነኮሳቱ ፊት ተጠይቀው ሲመልሱ አዳማጩ ሁሉ ተደነቀ። ወጣቱ ንጉሥ ትምህርቱን ወደዱት፤ ወዲያውም ቅዳሜን ማክበር የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለንጉሡ ከገባው መሐላ ፈቱት። በዚያው ዓመት ዘድንግል ከዐማፅያኑ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ዐዋጁ ወጥቶ ብዙ ወራት እንኳ አልተቆጠረም ነበር።

ፓኤዝ ከዚህ ትምህርት ወስደዋል። በ1607 ዙፋኑን የያዙት ዐፄ ሱስንዮስ ለሮማ ሃይማኖት በቀረቡ ጊዜ እንዳይቸኩሉ ይመክሯቸው ነበር። በጎርጎራ ለንጉሡ ፎቅ ያለው ቤት ሠሩላቸው፤ በዘመቻ አብረዋቸው ወጡ፤ በ1618 ግሽ ዓባይ ደርሰው የዓባይን ምንጭ አዩ፤ የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋልኛ ጻፉ። በዚህ መካከል በቤተ መንግሥቱ በክርስቶስ ባሕርይ ላይ ጉባኤ ይደረግ ነበር። ኢየሱሳውያኑ የሚጠቅሱት የሮማን መጻሕፍት ብቻ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ራሳቸው ከሚያከብሩት ከሃይማኖተ አበው እያወጡ ይከራከሩ ነበር። ንጉሡም ሁለት ባሕርይ የሚለው ወገን ረታ ብለው ፈረዱ፤ ከእንግዲህ አንድ ባሕርይ ብሎ የሚያስተምር እንዳይገኝም አዘዙ። አቡነ ስምዖን ያለ እኔ የተደረገ ጉባኤ ብለው ተቃወሙ፤ ይህን ሃይማኖት የሚከተለውን ሁሉ አወገዙ። በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ በዐመፅ ተነሣ፤ አቡኑም አብረውት ወጡ። ሁለቱም በአንድ ቀን ሞቱ።

ጉባኤውን የተመለከተ ወይም ወሬውን የሰማ ሰው እንዴት እንደ ተረዳው ማሰብ ይገባል። ይህ ሕዝብ ለክርክር እንግዳ አልነበረም። በላ ልበልሃ እያለ የሚሟገት፣ አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ ሲነሣ ዳር ቆሞ የሚያደንቅ ሕዝብ ነው። ስለዚህም ሙግት የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር ያውቃል፤ ሙግት የረታ ሁሉ እውነት የያዘ አይደለም። መምህሩ ጥቅስ ቢያጣና ዝም ቢል፣ የተረታው መምህሩ እንጂ ሃይማኖቱ አይደለም። ከእርሱ የሚበልጥ መምህር በዋልድባ ወይም በደብረ ሊባኖስ አይጠፋም። ደግሞም በዚህ ሙግት ዳኛው ማን ነበር? ከአንደኛው ወገን ጋር ወዳጅነት የገጠመ፣ ከአውሮፓ ነገሥታትም ወታደር ይላክልኝ እያለ የሚጽፍ ንጉሥ ነበር። ዳኛው ያደላ መስሎ በሚታይበት ችሎት የተሰጠ ፍርድ ሰውን ያስገድደዋል እንጂ አያሳምነውም።

ሁለተኛውና የጠለቀው ምክንያት ሃይማኖቱ ራሱ የሚገኝበት ስፍራ ነው። ለኢየሱሳውያኑ ሃይማኖት ከሁሉ አስቀድሞ የትምህርት ቃል ነበር፤ ቃሉ ከተስተካከለ ሌላው ሁሉ ይከተላል ብለው ያምኑ ነበር። ለገበሬው ግን ሃይማኖቱ ረቡዕና ዓርብ ነበር፣ ቅዳሜና እሑድ ነበር፤ ክርስትና አባቱና የንስሓ አባቱ፣ ተዝካሩና ማኅበሩ ነበር። ስለ ባሕርይ የሚደረገውን ክርክር ሳይከታተለው ሊኖር ይችላል። ቅዳሜ እረስ ሲባል ግን ነገሩ ሞፈርና ቀንበሩ ድረስ መጣ።

ቅዳሜም ቢሆን እንዲሁ የመጣ ልማድ አልነበረም። በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ሰንበተ አይሁድን እንደ እሑድ ማክበር ይገባል በማለታቸው ተሰደዋል፤ ኤዎስጣቴዎስም በአርመን አገር ሞተዋል። ተከታዮቻቸው ክህነት ተከልክለው፣ ከቤተ መንግሥት ተገልለው አንድ መቶ ዓመት ያህል ከአቋማቸው ሳይነቃነቁ ኖሩ። በመጨረሻ በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። እንግዲህ ሱስንዮስ በ1620 ቅዳሜ እንዳይከበር ባዘዙ ጊዜ የነኩት በስደትና በመከራ የተገዛ ነገር ነበር። የበጌምድሩ ገዥ ዮናኤል በዚህ ምክንያት ሲሸፍት ብዙ ተከታይ አገኘ። ዐመፁ ቢደመሰስም ቅዳሜ ከሰው ልብ አልወጣም።

ሦስተኛው ምክንያት ሙታን ናቸው። ፓኤዝ በ1622 ካረፉ በኋላ፣ ሱስንዮስም የካቶሊክ ሃይማኖትን መቀበላቸውን በይፋ ከገለጹ በኋላ፣ በ1625 ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በአፋር ምድር በኩል ወደ አገሪቱ ገቡ። የካቲት 11 ቀን 1626 ንጉሠ ነገሥቱ በደንቀዝ ተንበርክከው ለሮማው ፓፓ ለኡርባኖስ 8ኛ ታማኝነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ፤ መሳፍንቱና መኳንንቱም ተከተሏቸው። ሜንዴዝ የተማሩና ጽኑ ሰው ነበሩ፤ የፓኤዝ ትዕግሥት ግን አልነበራቸውም። ካህናቱ እንደገና ካልተካኑ እንዳያገለግሉ፣ ምእመናኑም ዳግመኛ እንዲጠመቁ፣ ግዝረት እንዲቀር፣ ጾምና በዓል እንደ ሮማ አቆጣጠር እንዲሆን፣ ቅዳሴውም እንዲለወጥ አዘዙ።

ዳግመኛ ተጠመቅ የተባለ ሰው የሰማው ስለ ራሱ ብቻ አልነበረም። የእርሱ ጥምቀት ጥምቀት ካልሆነ የአባቱም ጥምቀት አልነበረም። አባቱም በዚያው ጥምቀት ሞቶ ተቀብሯል። የአያቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በኢማም አሕመድ ዘመን ሃይማኖቴን አልለውጥም ብለው የታረዱት ሰዎች የልጅ ልጆች በዚህ ጊዜ ገና በሕይወት ነበሩ። በፍርሃት ለውጠው የነበሩትም ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ተመልሰዋል፤ ለሚመለሱት የሚጸለየው መጽሐፈ ቄደር የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል። አዲሱን ትምህርት መቀበል ማለት እነዚያ ሁሉ ሙታን የሞቱት ለስሕተት ነው ብሎ መፍረድ ነበር። እንዲህ ያለውን ፍርድ ከአንድ ሰው አንደበት የሚያወጣ ጥቅስ ከየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም። ሜንዴዝ አንድን ስሕተት እያረሙ መስሏቸው ነበር፤ ሕዝቡ የሰማው ግን የአባቱ መቃብር ሲከሰስ ነው።

ይህን ከማንም በላይ ግልጽ የሚያደርገው የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ታሪክ ነው። በ1592 ከታላቅ ቤተ ሰብ የተወለዱት እኚህ ሴት የሱስንዮስ ከፍተኛ ባለሥልጣን ባለቤት ነበሩ፤ የወለዷቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባቸዋል። አቡነ ስምዖን በተገደሉበት ዘመቻ ባላቸው ከንጉሡ ወገን ሆነው መዋጋታቸውን ባወቁ ጊዜ ትዳራቸውን ጥለው ወጡ፤ መንኩሰውም በጣና ዙሪያ እየተዘዋወሩ ሕዝቡ የንጉሡን ሃይማኖት እንዳይቀበል ማስተማር ጀመሩ። ንጉሡ አስይዘው በፊታቸው አቆሟቸው። በ1672 የተጻፈው ገድላቸው እንደሚተርከው ሜንዴዝ ራሳቸው እየተመላለሱ ሊያስተምሯቸው ሞክረዋል። የአገሩ ሁሉ ሊቅ ሊመልስለት ያዳገተውን መምህር እርሳቸው ጆሯቸውን ነፈጉት። ሦስት ዓመት በሱዳን ጠረፍ በቆላው በዠበይ ተግዘው ሲመለሱ ተከታዮቻቸው በዝተው ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በጆሮም ሊነገር ይችላል።

ማሳመን ሲያቅት ኃይል ተተካ፤ ኃይል ሲገባ ደግሞ ማሳመን ጨርሶ የማይቻል ሆነ። በ1628 የንጉሡ አማች ተክለ ጊዮርጊስ በትግራይ ዐመፀ፤ ተይዞ ተገደለ። በ1629 የላስታ ሰው ከነገሥታቱ ዘር ነው የተባለውን መልክአ ክርስቶስን አንግሦ ተነሣ። ከዚህ በኋላ ሃይማኖቱን መለወጥ የሐሳብ ለውጥ መሆኑ ቀረ፤ ጎራ መቀየር ሆነ። ቀድሞ ከኢየሱሳውያኑ ትምህርት ውስጥ አንዳንዱን ነገር ይወድ የነበረ ሰው እንኳ፣ ወንድሙ የሞተበትን ጎራ ትቶ ወደ ገዳዩ ጎራ መሄድ አይቻለውም። ሜንዴዝ በንጉሡ ልመና ስለ ቅዳሴውና ስለ ጾሙ ጥቂት ነገር ቢፈቅዱም፣ ፈቃዱ የመጣው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር። ወይና ደጋ የዚህ ሁሉ መደምደሚያ ሆነ።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ይገባል። አንድም ሰው አልተለወጠም ማለት አይቻልምና። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ከልባቸው አምነው ነበር። ፋሲለደስ ከነገሡ በኋላ ሹመታቸውና ሀብታቸው ተወስዶ፣ ተግዘው፣ በመጨረሻም ሕይወታቸው ሲጠፋ ወደ ቀድሞው ሃይማኖት አልተመለሱም። እርሳቸውን የመሰሉ ሌሎችም ጥቂት ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች አካሄድ ሲመረመር ያመኑት በአንድ የጉባኤ ቀን እንዳልሆነ ይታያል። ከፓኤዝ ጋር ለዓመታት ተቀምጠዋል፣ አብረው በልተዋል፣ አብረው ዘምተዋል፤ ሰውየውን ካመኑ በኋላ ነው ቃሉን ያመኑት። ዐዋጁ ለሕዝቡ ሊሰጠው ያልቻለው ይህንኑ ነበር። ደግሞም አንድ ጊዜ ከተለወጡ በኋላ የእነርሱም እምነት እንደ ላስታው ገበሬ እምነት ሁሉ በሞት ፍርሃት የሚናወጥ አልሆነም።

ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን በ1633 ወደ ፍሬሞና፣ በ1634 ደግሞ ከአገር አስወጡ። ሜንዴዝ በ1656 እስኪሞቱ ድረስ በጎዋ የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብለው ኖሩ። በ1638 ሁለት የካፑቺን መነኮሳት በጎንደር ተሰቀሉ፤ ፈረንጅ ወደ አገሪቱ እንዳይገባም በየበሩ ጥበቃ ተደረገ። ዳግመኛ የተጠመቀው ሕዝብ በአንድ ዐዋጅ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ስድስት ዓመት በግድ የተያዘው ነገር በአንድ ሰሞን ረገፈ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። መልሱን የጣለው ሕዝብና ካህን ጥያቄውን አልጣለውም። ኢየሱሳውያኑ ያነሡት ክርክር፣ መለኮትና ትስብእት እንዴት ተዋሐዱ፣ የክርስቶስ መቀባትስ ምን ማለት ነው የሚለው፣ እነርሱ ከሄዱ በኋላ በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ ቀጠለ። ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ የተባሉት ወገኖች በጎጃም፣ በጎንደር፣ በሸዋና በትግራይ ተከፋፍለው ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ተከራከሩ። ነገሩ በመንግሥት ደረጃ የተቋጨው በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጠሩት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። ብዙ የታሪክ ጸሐፍት የዚህን ክርክር መነሻ ከኢየሱሳውያኑ ዘመን ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ የተደረገው ጉባኤ ሁሉ በከንቱ ቀረ ማለት አይቻልም። ፍሬው ግን ዘሪዎቹ ያሰቡት አልነበረም፤ የመጣውም ራሳቸው ባለቤቶቹ በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው ጊዜ ነገሩን እንደ ገና ሲመረምሩት ነው። የሰው እምነት የማይለወጥ አይደለም። ነገር ግን ሰው ከውጭ ተገፍቶ ከሚወጣ ከውስጥ ጠይቆ ቢንቀሳቀስ ይመርጣል፤ ሲንቀሳቀስም ሙታኑን ሳይከስ የሚያልፍበትን መንገድ ይፈልጋል።

ዐፄ ሱስንዮስ ከዐዋጁ በኋላ ሦስት ወር ያህል ብቻ ኖረው በመስከረም 1632 ዐረፉ፤ በአዘዞ በገነተ ኢየሱስም ተቀበሩ። ስለ አሟሟታቸው ሁለት ዓይነት ወሬ ቆይቶልናል። ኢየሱሳውያኑ ንጉሡ ለሕዝቡ ሃይማኖቱን ቢመልሱም ለራሳቸው ግን የሮማን ሃይማኖት ሳይክዱ ሞቱ ብለው ጽፈዋል። የአገሩ ትውፊት በበኩሉ፣ ንጉሡ ስለ በደላቸው ምላሳቸው ታስሮ እንደ ነበረና የአባቶቻቸውን ሃይማኖት በመለሱ ጊዜ እንደ ተፈታላቸው ይተርካል። ሁለቱም ወገኖች አንዱን ንጉሥ ቀበሩ፤ ሁለቱም እንደየእምነታቸው አስታወሷቸው። እስከ ዛሬም ድረስ አንዱ ወገን የሌላውን ወሬ ተቀብሎ የራሱን አልጣለም።